በብሪጅ ጨዋታ የተከላካዮች ምልክት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የካርታ ወዳጆች

ኮንትራክት ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ተጣምረው በ52 ካርታ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የዛሬው አሠራር መሠረት የሆነውን የነጥብ አቆጣጠር አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት በ1925 እ.ኤ.አ. አዘጋጀ። ጨረታውን ያሸነፈው ጥንድ ከ13ቱ ዙር ስንቱን እንደሚወስድ ውል ይገባል፤ የአንደኛው ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና ሌላኛው፣ ማለትም ባለውሉ፣ ለሁለቱም ይጫወታል። የቀሩት ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው። ከባዱ ሥራ የእነሱ ነው፤ ባለውሉ የወገኑን ካርታ በሙሉ ሲያይ፣ ተከላካይ ግን የጓደኛውን እጅ ከሚጥላቸው ካርታዎች መገመት አለበት።

በደሴ ክረምት፣ ጦሳ ጉም ሲለብስ፣ ቤት ውስጥ ካርታ ለሚጫወት ሰው ለብሪጅ የሚጎድለው ዕቃ የለም። የሚያስፈልገው ስምምነት ነው። አንዱ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ የሚኖሩ ጥንዶች 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በሚኒባስ ሲወርዱ ተነጋግረው ሊጨርሱት ይችላሉ።

በጣም የተለመደው ምልክት ፍላጎትን ይገልጻል፤ ትልቅ ካርታ «ቀጥል»፣ ትንሽ ካርታ «ተው» ማለት ነው። ውሉ አሥር ዙር፣ ገዢው፣ ማለትም ሌሎቹን የካርታ ዓይነቶች የሚያሸንፈው፣ ስፔድ ነው እንበል። የደሴው ተጫዋች ልብ አስ፣ ንጉሥ፣ 10፣ 5 እና 4 ይዞ በአሱ ይጀምራል። የተዘረጋው እጅ ንግሥት፣ 7 እና 3 አለው። የኮምቦልቻው ጓደኛ በእጁ ያሉት ልቦች 9 እና 2 ብቻ ስለሆኑ መጀመሪያ 9ን ይጥላል። ንጉሡ ሲከተል 2ን ያወርዳል፤ በሦስተኛው ዙር ልብ ስለጨረሰ በስፔድ ይቆርጣል፣ ማለትም ገዢ ጥሎ ዙሩን ይወስዳል። ሦስት ዙር ተገኘ፤ ውሉን ለማፍረስ አንድ ይቀራል። የጨዋታው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ የደሴው ሰው ለሦስተኛው ዙር የሚመርጠው ካርታም ይናገራል። 10ን ከጣለ «ዳይመንድ መልስልኝ»፣ 4ን ከጣለ «ክለብ መልስልኝ» ይሆናል። የዳይመንድ አስ በእጁ ካለ 10ን ጥሎ አራተኛውን ዙር ይወስዳል። ለብልህ አይነግሩም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሌላው ምልክት ቁጥርን ይገልጻል፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ መጣል ሙሉ ቁጥር፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደግሞ ጎዶሎ ያመለክታል። ገዢ በሌለበት ውል የተዘረጋው እጅ የዳይመንድ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10 እና 9 ይዞ ሌላ መግቢያ፣ ማለትም ዙር አሸንፎ ተራውን ወደዚያ እጅ የሚመልስ ካርታ፣ ባይኖረው፣ አስ፣ 8 እና 7 የያዘ ተከላካይ አሱን መቼ እንደሚጥል የሚያውቀው በዚህ ነው። ጓደኛው ሁለት ካለው ባለውሉ ሦስት አለው ማለት ነው፤ አሱ እስከ ሦስተኛው ዙር ይቆያል። ጓደኛው ሦስት ካለው ሁለተኛው ዙር ይበቃል። አንዳንድ ጥንዶች ትልቁንና ትንሹን ገልብጠው ይስማማሉ፤ ያም የተፈቀደ ነው።

የተከለከለው ከካርታው ውጭ ያለው ነው፦ ጥቅሻ፣ ሳል፣ የድምፅ ቃና፣ ካርታ ሲጥሉ ማመንታት። በ1975 የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ተጫዋቾች በእግር ምልክት ተጠርጥረው ተገሥጸዋል፤ ከዚያ በኋላ በጠረጴዛው ሥር መከለያ ተደረገ። የጥንዱ ስምምነት ራሱ ምሥጢር አይደለም፤ ተቃራኒው ወገን ሲጠይቅ በግልጽ ይነገረዋል።

ስለዚህ ምልክቱን ባለውሉም ያነበዋል። ጀማሪዎች በየዙሩ ቁጥር ሲናገሩ፣ የጎደለችው ንግሥት የት እንዳለች ለባለውሉ ይጠቁማሉ። ጓደኛ የሚወስነው ነገር ከሌለ ዝም ብሎ ትንሿን መጣል ይሻላል፤ ዙር ሊያሸንፍ የሚችል 9 ወይም 10ም ለምልክት ብቻ አይባክንም።