«ሲፈለግ ጥሩኝ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ስሜን ጻፉኝ፤ ሲፈለግ ጥሩኝ።» በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ ለበጎ ፈቃድ ሥልጠና ሰው በጠራን ቁጥር የምሰማው መልስ ይህ ነው። የሚለው ሰው ልቡ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም በጤና ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚህች አባባል ያሰለቸኝ የለም። ሊተርፍ የሚችል ሰው ሲሞት ያየሁት ብዙውን ጊዜ ረዳት ጠፍቶ ሳይሆን፣ ረዳቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ደርሶ ነው።

አመለካከት፦ በጎ ፈቃደኛ የሚያስፈልገው አደጋ ሲደርስ ነው።

አደጋ ሲደርስማ ሰው ሞልቷል። በጣርማ በር ቁልቁለት፣ በዚያ ጉም ውስጥ መኪና ሲገለበጥ ከየጎጡ የሚሮጠውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ከደብረ ሲና በላይ የተገለበጠ ሚኒባስ ዘንድ ስንደርስ አንዱን ወጣት በእጅና በእግሩ አንጠልጥለው አውጥተው ፒካፕ ላይ አስቀምጠውታል፤ አንገቱን የያዘለት የለም። ራሷን የሳተች ሴት አፏን ከፍተው ውኃ ያጠጧታል። ከጭኑ ደም የሚፈስሰውን ሰውዬ ግን ዝም ስላለ ማንም ልብ አላለውም። እነዚያ ሰዎች ጋቢያቸውን አውልቀው ያለበሱ፣ የሰው ደም ልብሳቸውን ያራሰው ሰዎች ናቸው። ደግነት አልጎደላቸውም። የጎደላቸው አስቀድሞ ያሳያቸው ሰው ነው።

ስለዚህ አሁኑኑ ልንገራችሁ። የሚጮኸው ቁስለኛ ቢያንስ እየተነፈሰ ነው፤ መጀመሪያ ዝም ያለውን እዩ። የሚፈስስ ደም ካለ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከጠፋም ነጠላ፣ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ጨርቁ ሲርስ አታንሱት፣ ሌላ ደርቡበት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ውኃው ወደ ሳንባው ይገባል። መኪናው እሳት ካልያዘ ወይም ወደ ገደል እየተንሸራተተ ካልሆነ ሰው ጎትታችሁ አታውጡ። ማንሳት ግድ ሲሆን አንዱ ራሱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሌሎቹ እሱ በሚሰጠው ትእዛዝ እኩል አንስተው ሳንቃ ላይ ያጋድሙት። ይህ በሥልጠና፣ ደጋግሞ በመሞከር እጅ ላይ የሚቀር ነገር ነው። ሰው በሚጮኽበት ሰዓት መንገድ ዳር ቆሜ ለማንም ላስተምረው አልችልም።

ደግሞም የበጎ ፈቃደኛ ዋናው ሥራ ማንም የማያየው ነው። በጎጡ የመውለጃ ወሯ የደረሰ ማን ናት? ከአልጋ የማይነሱ አዛውንት የማን ቤት አሉ? ክረምት ሲገባ የትኛው ወንዝ መንገዱን ይዘጋል? ሌሊት ሲደወልለት ስልኩን የሚያነሳ ባለመኪና ማን ነው? በበጋ ያልተመዘገበ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ አይመዘገብም። በገጠር በእድር ተደራጅተው በሽተኛ በቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ይህን ከኛ ከባለሙያዎቹ ቀድመው ገብቷቸዋል። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሸከም፣ ቃሬዛው የማን ቤት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ወላድ በእኩለ ሌሊት ስትያዝ ክርክር የለም። ዝግጁነት የምንለው ይኸንኑ ነው።

አመለካከት፦ የሰለጠነ ሰው አበል ይከፈለዋል።

አይከፈለውም። አንዳንድ ጊዜ ለትራንስፖርት ጥቂት ገንዘብ ትሰጣለች፣ ብዙ ጊዜ እሷም የለችም። አበል ፈልጎ የሚመጣ ሰው ቦታውን ለሌላ ቢለቅ እመርጣለሁ።

አመለካከት፦ ቀይ መስቀል የፈረንጅ ድርጅት ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ የራሳችን ማኅበር ነው፤ አባልም በጎ ፈቃደኛም መሆን የፈለገ ሁሉ ይችላል። የአምቡላንስ ቁጥሩ 907 ነው። የወረዳችሁን አምቡላንስ ሾፌር ስልክም አብራችሁ መዝግቡ።

አመለካከት፦ አምቡላንስ ለወላድ ብቻ ነው።

ወላድ ትቀድማለች እንጂ ሌላ ድንገተኛ ሕመምተኛ አይከለከልም።

አመለካከት፦ ወረርሽኝ መግባቱን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

ሐኪሙ የሚያውቀው በሽተኛው ሲመጣለት ነው። «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» ተብሎ ልጁ በጨለማ ክፍል ተሸፍኖ ከተኛ ጤና ጣቢያው ከየት ይስማ? በአንድ የመንዝ ቀበሌ የተለያዩ ቤቶች ልጆች ተደብቀው ተኝተው ሳሉ፣ ነገሩን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነገሩት ለማኅበር ጽዋ የሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። የተማሩ አይደሉም፤ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ ሲያዩ እንዲናገሩ ብቻ ተነግሯቸዋል። ክትባቱ ወደ ጎረቤት ጎጦች ቀድሞ የደረሰው በእሳቸው ነው።

እናንተም መመርመር አይጠበቅባችሁም። ትኩሳትና ሽፍታ፣ እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል፣ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው፤ ከእነዚህ አንዱን ስታዩ ወይም ስትሰሙ በዚያው ቀን ለጤና ኬላው ንገሩ። ወሬው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚቆጣችሁ የለም። ኩፍኝንና የኮሌራ ጥርጣሬን የመሰሉ በሽታዎችን ጤና ተቋሙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳ እንዲያሳውቅ የታዘዘው ሰዓቱ ስለሚቆጠር ነው።

አመለካከት፦ ጤና ኬላ ምንም አይሠራም።

አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ላለው ቀበሌ የተመደበ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከዚያ በላይ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያም ሆስፒታሉ አለ። ደብረ ብርሃን ሪፈራል ድረስ ለራስ ምታት የሚጓዝ ሰው የራሱን ብር ያባክናል፣ የከባድ በሽተኛውንም ተራ ይይዛል።

አመለካከት፦ ኦአርኤስ ሲወፍር ይበረታል።

ኦአርኤስ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ዱቄት ነው። አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፤ አይበልጥም አያንስም። በጥቂት ውኃ የተበጠበጠ ተቅማጡን ያባብሳል፣ ሕፃንንም ይጎዳል።

አመለካከት፦ የመሬት መንቀጥቀጥ የአፋር ጉዳይ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ እዚሁ ነው፤ የካራ ቆሬም ብዙ ቤት በዚያው ወድቋል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲናወጥም ሸዋ ሮቢትና አንኮበር ሌሊት ከእንቅልፋቸው የተነሱ ብዙ ናቸው። የእኛ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከባድ ነው። በሩ አጠገብ ያለ ሰው ከግድግዳ ርቆ ሜዳ ላይ ይውጣ፤ ውጭ መድረስ የማይችል ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱን ይሸፍን። ልጆቻችሁ የትኛው ሜዳ ላይ እንደምትገናኙ ይወቁ።

አመለካከት፦ ከሰል ከቀላ በኋላ አይገድልም።

ይገድላል። ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፤ ሽታም መልክም የለውም። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ብርድ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቤት ያሞቀው ምድጃ ግን ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ። ከሰል ባለበት ክፍል የተዝለፈለፈ ሰው ብታገኙ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በርና መስኮቱን ክፈቱ፤ አውጥታችሁ አየር ላይ አጋድሙት፤ ከዚያ ደውሉ።