ስበት ሲለወጥ የመከላከያ ሕዋሳት ምን ይሆናሉ?

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ባለበት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምድር ስበት 90 በመቶ ያህሉ አለ። እዚያ ያለ ሁሉ ክብደት የሚያጣው ጣቢያው ምድርን እየዞረ ያለማቋረጥ ስለሚወድቅ ነው። በዚህ ሁኔታ በፈሳሽ ውስጥ ያለ ሕዋስ ወደ ታች አይዘቅጥም፤ ለሙከራ አድራጊዎች ትልቁ ጣጣ እዚህ ይጀምራል።

አውጉስቶ ኮጎሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 በስፔስላብ-1 (በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ በተጫነ ቤተ ሙከራ) የሰው ሊምፎሳይቶችን፣ ማለትም አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋሳትን፣ ኮንካናቫሊን ኤ በተባለው ቀስቃሽ ሲነኩ፣ የተነቃቁት ምድር ላይ ከቀሩት መሰሎቻቸው 3 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ይሁንና እነዚህ ሕዋሳት ለመነቃቃት እርስ በርስ መነካካት አለባቸው፤ ካልዘቀጡ ደግሞ መገናኘቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ውጤቱን ሁሉ በሕዋሱ ውስጥ ባለ ብልሽት ማሳበብ ችኮላ ነው።

ኦክሲዴቲቭ ስትረስን (ከኦክስጅን የሚመነጩ ኃይለኛ ሞለኪውሎች በሕዋስ ላይ የሚያደርሱትን ጫና) በተመለከተ ይበልጥ የሚያስተምረው ጀርም ዋጩ የመከላከያ ሕዋስ፣ ማክሮፌጅ ነው። ጀርም ሲውጥ ኤንኤዲፒኤች ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ኦክስጅንን ወደ ሱፐርኦክሳይድ ይለውጣል፤ ከእርሱም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይወጣል። ምርቱ ሲያንስ ጀርሙ ይተርፋል፤ በዝቶ አልቆም ሲል ደግሞ የራሱን የሰውነት ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳል። ለመለካት ሕዋሳቱ ላይ ሉሚኖል (ብርሃን የሚሰጥ ኬሚካል) እና ዚሞዛን (ሕዋሱ እንደ ጀርም የሚውጠው የእርሾ ግድግዳ ቅንጣት) ይጨመራል፤ ከኦክስጅን የወጣው ሞለኪውል ሉሚኖሉን ሲያገኘው ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል፣ ብርሃኑንም ፎቶመልቲፕላየር የተባለ ደካማ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ይቆጥራል። ጨለማው ካልተሟላ የሚቆጠረው የክፍሉ ብርሃን ነው።

ክብደት አልባነትን ለማግኘት አንዱ መንገድ አውሮፕላን ነው። ከፈረንሳይዋ ቦርዶ የሚነሣው የምርምር ኤርባስ ኤ310 በአንድ በረራ 31 ጊዜ እየወጣ እየወረደ፣ በእያንዳንዱ 22 ሰከንድ ያህል ክብደት አልባነት ይሰጣል። ከዚያ በፊትና በኋላ ግን 20 ሰከንድ ያህል እስከ 1.8 ጂ (1 ጂ ምድር ላይ ያለው ስበት ነው) ይጫናል፤ የሚታየው ለውጥ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ነው። ጊዜውም ያጥራል። በጠፈር ጣቢያው የሥነ ሕይወት ሙከራ መሣሪያ፣ ባዮላብ ውስጥ በተሠራው ትሪፕል ሉክስ-ኤ ሙከራ የአይጥ ሳንባ ማክሮፌጆች ክብደት ሲያጡ ብርሃናቸው ወዲያው ቀነሰ፤ በ42 ሰከንድ ውስጥ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። አውሮፕላኑ ላይ ቢሆን ኖሮ መውደቁ ብቻ ይታይ ነበር። ሙከራው የተከበረው እዚያው መሣሪያ ውስጥ በሴንትሪፊውጅ (በማሽከርከር ስበትን በሚተካ መሣሪያ) 1 ጂ የሚሽከረከር ማነጻጸሪያ ስለነበረው ነው፤ ጨረሩም ሙቀቱም አንድ ነበር።

ምድር ላይ የሚተካው ክሊኖስታት ነው፤ ናሙናውን በአግድም ዘንግ እያሽከረከረ የስበቱን አቅጣጫ ይበትናል። በደቂቃ 60 ዙር ሲሽከረከር 2 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ባለው ቱቦ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ኃይል 0.008 ጂ ያህል ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው ዕቃ ግን 0.4 ጂ ይደርሳል፣ ያ ደግሞ ክብደት አልባነት ሊባል አይችልም። ፍጥነቱ ሲያንስ ሕዋሳቱ ይዘቅጣሉ። ቱቦው ውስጥ የቀረች አንዲት የአየር አረፋም ፈሳሹን እያናወጠች ሕዋሳቱን ትገርፋለች።

ሙሉ ሰውነት እንደ አንድ ሕዋስ በሰከንዶች አይስተካከልም። ከ89 የሹትል (የጠፈር መንኮራኩር) ተጓዦች 47ቱ፣ ከ23 የጣቢያው ነዋሪዎች 14ቱ በሰውነታቸው ተኝተው የነበሩ የኸርፒስ ወገን ቫይረሶችን በምራቃቸው ወይም በሽንታቸው አውጥተዋል፤ የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ አንዱ ነው። አብዛኞቹ ምንም አልተሰማቸውም። እዚህ ላይ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን፣ የእንቅልፍ እጦትና ጨረር ከስበቱ ጋር ተደባልቀዋል፤ ሰውን እንደ ማክሮፌጅ በሴንትሪፊውጅ ለይቶ ማነጻጸር ደግሞ እስካሁን አልተቻለም።