ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር

ልጆች ሳለን እናታችን ገንፎ ስታቀርብልን ሁልጊዜ «ቀስ ብላችሁ ብሉ» ትለን ነበር። ትኩሱን ፈርታልን ይመስለኝ ነበር። እውነትም የገንፎ ትኩስ ቀልድ አይደለም። መሃሉ ላይ ያለው ቅቤና በርበሬ ሳይታሰብ ምላስ ይልጣል። እሷ ግን የምትፈራው ሌላም ነገር ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ እየጎረሰ ድንገት ቀጥ አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እናቴ አፉን ከፍታ በሁለት ጣቷ ጎትታ አወጣችለት። የክብሪት እንጨት ግማሽ እንኳ የማትሆን፣ ከማማሰያው የተላጠች ስንጥር ነበረች። አባቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» አለ። ወንድሜም እንባውን ጠርጎ መብላቱን ቀጠለ።

መብላቱን መቀጠሉን ልብ በሉልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

አባባሉ የእኛ የጎጃሞች ብቻ አይደለም። አማርኛ በሚነገርበት ሁሉ አለ። አንዳንዱ «ከገንፎም መሃል ይኖራል ስንጥር» ይለዋል። ቃሉ ትንሽ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሰው ሲታማ ነው። እገሌ ቤት ሠራ፣ እገሊት መኪና ገዛች ሲባል፣ አንዱ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «ጠርጥር» ይላል። ማንንም አትመን ለማለት ነው። ይህ አባባሉን ማሳነስ ይመስለኛል። የመጣበትን ምድጃ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይጠቀምበትም።

እስቲ ወደ ምድጃው እንሂድ። ውሃው ይፈላል፤ ጨው ጣል ይደረግበታል። ከዚያ ዱቄቱ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል። በእኛ በኩል ጥሩው የገንፎ ገብስ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከደጋው የሚመጣው ነው። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሥራው የክንድ ነው። እጅ ካረፈ ይጓጉላል። እየወፈረ ሲሄድ ማማሰያው በሁለት እጅ ካልተያዘ አይዞርም። እንጨቱ ከድስቱ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። አዲስ ተጠርቦ በደንብ ያልለሰለሰ ከሆነ፣ ወይም አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ይላጣል። የተላጠው ከገንፎው ጋር አብሮ ይለወሳል፤ ከዚያ በኋላ በዓይን አይታይም።

ስለዚህ ስንጥሩን ማንም ሆን ብሎ አልከተተውም። የመጣው ከሥራው ነው። እንዲያውም በደንብ ያማሰለች ሴት ገንፎ ውስጥ ስንጥር የመገኘት ዕድሉ ይበልጣል። አባባሉ ጠርጥር ያለው ገንፎውን እንጂ ባለሙያዋን አይደለም። ይህን ልዩነት ስንስት ነው ነገር የሚበላሸው።

ሌላም አለ። ቆሎ ስንበላ ጥርሳችን ጠጠር ይጠብቃል። ገንፎ ግን ልስልስ ስለሆነ ሳይታኘክ ይንሸራተታል። አባባሉ ከምግብ ሁሉ መርጦ ለጥርጣሬ የማይመቸውን አነሣ። ደግሞ ገንፎ ለማን ነው የሚሠራው? ለአራስ ነው። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገብቶ አብሮ የሚበላው ነው። የፍቅር ምግብ ነው። ስንጥሩ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው። የጠላት ቤት ምግብ ቢሆንማ ኖሮ ማን መካሪ ያስፈልገው ነበር?

«አይጠፋም» የሚለውን ቃልም እወደዋለሁ። አለ ብሎ አልደመደመም። ላይጠፋ ይችላልና በምላስህ እየዳሰስክ ብላ ነው የሚልህ።

ይህን አባባል «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከሚለው ጋር አንድ አድርገው የሚያዩት አሉ። ሁለቱም ቤት ይመታሉ፤ ሁለቱም ስለ ጥርጣሬ ናቸው። ግን ያኛው ከምንጣሮ የመጣ ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ቁጥቋጦው ተነቅሎ መሬቱ ባዶ ሲቀር የሚባለው ነው። ያኛው ማስፈራሪያ ነው። የገንፎው ግን ከገበታ ዳር የተነገረ የቤተሰብ ምክር ነው። መሥሪያ ቤት ሆኜ የረዳኝ የገንፎው ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የጎጃም ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነበር። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 19 ምን እንደሆነ ያውቃል። ዕቃ ገቢ ሲሆን የሚፈረምበት ደረሰኝ ነው። ወጪ ሲሆን ደግሞ ሞዴል 22 አለ። 19 ላይ ፊርማዬ ካረፈ ዕቃው በእጄ ገብቷል ማለት ነው። ጎደለ ከተባለ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ግርግር ናቸው። ግዥው ይጣደፋል፤ ሁሉም «ቶሎ በሉ» ነው። በዚያ ግርግር መሃል አንድ ቀን ማምሻውን 60 ካርቶን ወረቀት የጫነ መኪና መጣ። ዝናቡ ይወርዳል። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆመው «አንቺ ልጅ፣ መኪናው ይመለስ። አሁን ፈርሚ፣ ነገ ትቆጥሪያለሽ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር አስተምረውኛል። በጀቱ እንዳይመለስ ነበር ጭንቀታቸው።

ወዛደሮቹን እያገዝኩ ካርቶን ሳነሳ ግን አንዱ ቀለለኝ። ቀልቤ አልወደደውም። ምክንያቱን ተናገሪ ብባል በዚያ ሰዓት መናገር አልችልም ነበር። አሁን እችላለሁ። አንድ ደስጣ ኤ4 ወረቀት 500 ቅጠል ነው። የተለመደው ባለ 80 ግራሙ 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካርቶኑ አምስት ደስጣ ስለሚይዝ 12.5 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አንድ ደስጣ ሲጎድል 10 ኪሎ ይሆናል። ጭንቅላቴ ይህን አላሰላም። እጄ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ የኖረ እጅ ነው። ቡሬ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያ ውስጥ ከትቶ፣ ከሥር አፍሶ፣ እፍ ብሎ ዋጋ ሲቆርጥ አይታችሁ ይሆናል። እንዴት አወቅህ ብትሉት «ይታወቃል» ነው የሚላችሁ። ቀልብ ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም። ከተደጋገመ ሥራ ይጠራቀማል።

«ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ» አልኩ። ደስ አላላቸውም። ሾፌሩም አጉረመረመ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈትን። ከ60ው 14ቱ አንድ አንድ ደስጣ ይጎድላቸው ነበር። ሞዴል 19 ላይ የቆጠርኩትን 286 ደስጣ ጻፍኩ። 300 ብዬ አልጻፍኩም። ማንንም ሌባ አላልኩም። የት እንደጎደለ አላየሁማ። ያየሁት ቁጥሩን ነው።

እንደ ጀግና ታቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ ላይ «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝና ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። በኮሪደሩ ስሜ «አስቸጋሪ» ሆነ። ሻይ ሲጠጣ የሚጠራኝ ቀነሰ። ይህን ያየ ሰው ያውቀዋል። ከቅጣት ደብዳቤ ይልቅ የሚያደክመው ዝምታው ነው። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ መልቀቂያ ጻፍኩ። ጠዋት ለእናቴ አነበብኩላት።

«ስንጥሩን አወጣሽው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ገንፎውን ለምን ትደፊዋለሽ?»

ወንድሜ ትዝ አለኝ። እንባውን ጠርጎ መብላቱን ቀጥሎ ነበር። የአባባሉ ሌላው ግማሽ ይህ ነው፤ ያልተነገረው ግማሽ። ስንጥር ተገኘበት ተብሎ ገንፎ አይደፋም። ጠርጥር የተባለው በሰላም ተበልቶ እንዲያልቅ ነው። ይህን የምለው ከማንኛውም ሥራ አትልቀቁ ለማለት አይደለም። ድስቱ ራሱ የተመረዘበት ቤት አለ፤ ከዚያ መውጣት ነው። የእኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሥራውን እወደው ነበር።

መልቀቂያውን አላስገባሁም። መዝገብ ቤት ቆየሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱኝ። ያበረታኝ አጎቴ ነው። በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉትን የጎጃም የቅኔ ቤቶች ስም ሲጠራ እስካሁን ድምፁ ይለወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው የተማረው። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ሲያሰናዳ ያመሻል። ለመምህሩ ሲናገር ይታረማል፤ አንዳንዴም ከሥር ከመሠረቱ ይፈርሳል። በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። «የፈረሰ ቅኔ አያሳፍርም፤ ያሳፍር የነበረው በማግሥቱ ባዶ አፍ መምጣት ነው» አለኝ።

ቃሉን አስቡት። ቅኔም ይቆጠራል፤ ንብረትም ይቆጠራል። ደግሞ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሰሙን ሰምቶ ዝም አይልም። ወርቁን ይፈልጋል። የሚፈልገው ባለ ቅኔውን ጠልቶ አይደለም። ቅኔውን ስላከበረ ነው። ጥርጣሬ ማለት ለእኔ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ኦዲተሮች ሲመጡ የቆዩ የንብረት ሰነዶችን ከተዝረከረከው መዝገብ ውስጥ ያገኘሁላቸው እኔ ነበርኩ። ወደ ንብረት ክፍል የተመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ የተሳሳትኩበትን ካልነገርኳችሁ ግን ጎዶሎ ይሆናል። መዝገብ ቤት ሳለሁ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከእኛ ጋር ምሳ መብላት ተወ። ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲያየኝ ድምፁን ይቀንሳል። ስለ እኔ እንደሚያወራ እርግጠኛ ሆንኩ። ለሳምንታት ሰላምታ ነፈግሁት። በኋላ ሰማሁ። እናቱ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የሚደወልለት ከዚያ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ረስቶታል፤ እኔ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሁለቱን ጥርጣሬዎች ሳነጻጽራቸው ልዩነታቸው ይታየኛል። በካርቶኑ ጊዜ እጄ ላይ የተመዘነ ነገር ነበር። ከፍቼ ማየትም እችል ነበር። በባልደረባዬ ጊዜ የነበረኝ ቁስል ብቻ ነው። ቁስልም እንደ ቀልብ ይናገራል፤ ድምፁ ይመሳሰላል። ያን ጊዜ የጠረጠርኩት ገንፎውን ሳይሆን ባለሙያዋን ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

በቅርቡ አንዲት አዲስ ልጅ ክፍላችን ተቀጠረች። ወረቀት ስንረከብ አንዱን ካርቶን አንስታ ቆም አለች።

«እትዬ፣ ይቺ ቀለለችኝ መሰለኝ» አለችኝ፤ እያፈረች።

ቢላዋ አቀበልኳት። ከፈተችው። አምስቱም ደስጣ ነበሩ። ደግማ ቆጠረቻቸው፤ አምስት ናቸው። በፕላስተር መልሰን አሸግነውና የሚቀጥለውን አነሳች።