የዱሮ ካርቱን አደን፦ ከፊልም ጥቅል እስከ ብሉ ሬይ

የዱሮ ካርቱን የሚሰበስብ ሰው ገና ከጅምሩ የሚረዳው ነገር አለ፤ ርዕሱን ማግኘትና ፊልሙን ማግኘት ለየቅል ናቸው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ያው ሆኖ ውስጡ መግቢያው የተቆረጠ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ወይም ግማሽ ቀልዱ የጠፋበት ቅጂ ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ አደኑ ከመግዛት ይልቅ ቅጂን ከቅጂ ማስተያየት ይበዛበታል።

«የዱሮ ካርቱን» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰቡት በሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት ይታዩ የነበሩት የስድስትና የሰባት ደቂቃ አጫጭር ሥራዎች ናቸው። ሚኪ ማውስ ድምፅ ይዞ የመጣው በ1928 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቤቲ ቡፕ በ1930፣ ፖፓይ በ1933፣ ቶምና ጄሪ በ1940 ተከተሉ። እነ ድመቱ ፊሊክስን የያዘው የድምፅ አልባው ዘመን ራሱን የቻለ ዓለም ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። እነዚህ ሥራዎች ለልጆች ብቻ ታስበው የተሠሩ አልነበሩም። ተመልካቻቸው አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በሙሉ ነበር፤ ኋላ በልጆች ፕሮግራም ውስጥ ሲገቡ መቀስ የበዛባቸውም ለዚህ ነው።

ጉዳቱ የጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በገዛ ቤታቸው ነው። ዋርነር ብራዘርስ ከ1940ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ ካርቱኖቹን «ብሉ ሪባን» በሚል አዲስ መግቢያ መልሶ ለሲኒማ ሲያወጣ፣ የሠሪዎቹን ስም የያዘውን የመጀመሪያ መግቢያ ከኔጌቲቩ (ቅጂዎች ሁሉ ከሚታተሙበት ዋና ፊልም) ላይ ቆርጦ ይጥል ነበር። እነ ቴክስ አቨሪና ቦብ ክላምፔት ያዘጋጇቸው ፊልሞች ያለ አዘጋጅ ስም ለአሥርት ዓመታት የታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስቱዲዮዎቹ አሮጌ ክምችታቸውን ለቴሌቪዥን አከፋፋዮች ሸጡ፤ ገዢዎቹም በስቱዲዮው አርማ ፋንታ የራሳቸውን ለጠፉ። የቀለም ቴሌቪዥን ሲስፋፋ የጥቁርና ነጭ ካርቱን ፈላጊው ጠፋ። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጨረሻ የዋርነር ገጸ ባሕርይ የሆነው አሳማ፣ የፖርኪ ፒግ ብዙ ፊልሞች በእጅ እንደገና ተስለው ቀለም ተቀቡ። ሥራው ችኮላ ስለነበረበት እንቅስቃሴው ተንተባተበ፣ የጀርባው ሥዕልም ድኻ ሆነ። ከእነዚህ መካከል አንዱን አይቶ «ዱሮ አሣሣሉ ደካማ ነበር» የሚል ሰው ከፈረደ አይቀር በዋናው ቅጂ ቢፈርድ ይሻለው ነበር።

ፊልምን በቤት ማየት በቪዲዮ አልተጀመረም። ኮዳክ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልምን በ1923፣ የ8 ሚሊ ሜትሩን በ1932 ለገበያ አቅርቧል፤ ካስል ፊልምስን የመሰሉ ድርጅቶችም ያጠሩና ብዙ ጊዜ ድምፅ የሌላቸው የካርቱን ጥቅሎችን ለቤት ተመልካች ይሸጡ ነበር። የቪዲዮ ካሴቶቹ ቤታማክስ በ1975፣ ቪኤችኤስ በ1976 ከመጡ በኋላ ግን ነገሩ የሰብሳቢ ብቻ መሆኑ ቀረ።

በካሴቱ ዘመን ገበያውን ያጥለቀለቁት ርካሽ ቅጂዎች የሕግ ውጤት ናቸው። በ1909 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ለአንድ ሥራ የ28 ዓመት ጥበቃ ይሰጥ ነበር፤ ባለመብቱ በጊዜው ካላሳደሰ ሥራው የሕዝብ ንብረት ይሆን ነበር። ከ1941 እስከ 1943 የተሠሩት 17ቱ የሱፐርማን ካርቱኖች እንዲህ ሳይታደሱ ከቀሩት መካከል ናቸው። ማንም ማተም የሚችለውን ማንም አተመው። ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ በቴሌቪዥን ጣቢያ ሲመላለስ የኖረ፣ የተቧጨረና ቀለሙ ወደ ሮዝ የዞረ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ነበር። አንዱን ካሴት ገልብጦ ሌላ ካሴት ያወጣም አልጠፋም። ስለዚህ የእነዚያን ድንቅ ፊልሞች ስም ያጎደፈው መብታቸው መጥፋቱ ሳይሆን ደኅናውን ቅጂ የያዘው ወገን ለማተም አለመቸኮሉ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዲቪዲ በፊት የነበረው ትልቁ የፊልም ዲስክ፣ ሌዘር ዲስክ፣ በ1978 ወጥቶ ብዙ ቤት አልገባም፤ ለካርቱን ሰብሳቢ ግን ባለውለታ ነው። ከ1991 እስከ 1997 በአምስት ትልልቅ ሣጥኖች የታተመው «የሉኒ ቱንስ ወርቃማ ዘመን» ስብስብ፣ ሉኒ ቱንስ የተባሉትን የዋርነር ካርቱኖች በዘፈቀደ ከመደርደር ይልቅ በገጸ ባሕርይ፣ በአዘጋጅና በዘመን አሰናድቶ አቀረበ። በዲቪዲ ዘመን ከ2001 እስከ 2009 የወጡት፣ በቆርቆሮ ሣጥን የታሸጉት የዋልት ዲዝኒ ስብስቦች በተወሰነ ቁጥር ስለታተሙ ዛሬም ከሁለተኛ እጅ ገበያ ነው የሚፈለጉት። ከ2003 እስከ 2008 የታተሙት ስድስቱ የሉኒ ቱንስ ሣጥኖች እያንዳንዳቸው አራት ዲስክ ነበራቸው። ከጥቁርና ነጮቹ ጀምሮ የፖፓይ ፊልሞች በቅጡ ተሰናድተው ለመውጣት እስከ 2007 መጠበቅ ነበረባቸው።

«ተስተካክሎ የታተመ» የሚለው ጽሑፍ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ብዙ ዲስኮችን ያበላሸው ቆሻሻ ለማጽዳት የተሠራ ኮምፒውተር ነው። መሣሪያው በአንዱ ምስል ላይ ታይቶ በቀጣዩ የማይገኝን ነገር አቧራ ነው ብሎ ይደመስሰዋል። በካርቱን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው አቧራ ብቻ አይደለም፤ በፍጥነት የሚወነጨፍ እጅ የቀለም መስመርም እንዲሁ ነው። ውጤቱ ጣቱ የተቆረጠ ጥንቸል፣ ዙሪያው የተሸረፈ ዳክዬ ነው። ፈጣን ትዕይንት ላይ ዲስኩን አስቁሞ መስመሮቹን አንድ በአንድ ማየት ይህን ለመለየት ይበቃል። ሌላው ጉድለት ከጠባቡ ስክሪን ወደ ሰፊው ለማዛመድ የምስሉን አናትና እግር መቁረጥ ነው፤ ባርኔጣና ጫማ የቀልዱ አካል በሆነበት ጥበብ ይህ ትንሽ በደል አይደለም። በፓል (በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች በተለመደው የቴሌቪዥን ሥርዓት) የታተሙ ዲስኮች ደግሞ በሰከንድ 24 ምስል የተነሣውን ፊልም በ25 ስለሚያጫውቱ በ4 በመቶ ያህል ይፈጥናሉ፤ ድምፁ ካልተስተካከለም ሙዚቃው ይቀጥናል። ሙዚቃው ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር ተለክቶ በተቀናበረ ሥራ ላይ የለመደ ጆሮ ይህን ወዲያው ይይዘዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም በመደበኛ ገበያ የማይገኙ ፊልሞች አሉ። ጥቁሮችን በሚያንቋሽሽ አሣሣል የተሞሉ 11 የዋርነር ካርቱኖችን በወቅቱ መብታቸውን የያዘው ዩናይትድ አርቲስትስ በ1968 ከስርጭት አግዷቸዋል። ዲዝኒ በ1946 ያወጣው፣ ሥዕልና ተዋናይ የተቀላቀሉበት «ሶንግ ኦፍ ዘ ሳውዝ» በአሜሪካ በቤት ቪዲዮ ታትሞ አያውቅም፤ የሚፈልጉት ሰዎች ጃፓን ውስጥ የወጣውን ሌዘር ዲስክ ሲያሳድዱ ኖረዋል። በ2013 ሊወጣ የነበረው ሁለተኛው የቶምና ጄሪ ብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ) ስብስብ ሁለት ካርቱኖች እንደሚቀነሱበት ሲታወቅ ገዢዎች ተቃወሙ፤ ስብስቡም ሳይወጣ ቀረ። በሦስተኛው የሉኒ ቱንስ ሣጥን ተዋናይቷ ዉፒ ጎልድበርግ ብቅ ብላ የአሣሣሉን ነውር ከነታሪኩ ታስረዳለች። ለእኔ ይህ መንገድ ከመቀስ ይሻላል፤ የተቆረጠ ፊልም በዘመኑ ምን ያስቅ እንደነበር ይደብቃል።

ትልልቆቹ የተዉትን የሚያነሡት ትናንሽ አሳታሚዎች ናቸው። ተንደርቢንን የመሰሉ ድርጅቶች ከግል ሰብሳቢዎች ጓዳ የወጡ የ35 እና የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂዎችን አሰባስበው፣ ከአንዱ ምስሉን ከሌላው መግቢያውን ወስደው አንድ ሙሉ ፊልም ይገጥማሉ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ፊልሙ ራሱ እየበሰበሰ ስለሚሄድ ጊዜውም አያመችም። የቆየ ፊልም የሚገዛ ሰው ቆርቆሮውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያሸተው በዚህ ምክንያት ነው። አሴቴት ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም መበስበስ ሲጀምር ሆምጣጤ ይሸታል፣ ይኮማተራል፣ ቆይቶም በማጫወቻው ጥርስ ላይ አልገጥም ይላል። የሸተተው ጥቅል ትነቱ ጤነኞቹን እንዳይጎዳ ለብቻው ይቀመጣል፤ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥም ተራው ከሁሉ ይቀድማል።