ሄጌሞኒ ምንድን ነው? በጉልበት መግዛት ማለት'ኮ አይደለም

ሰሞኑን የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ሄጌሞኒ ያልተባለ ነገር የለም፣ ሰው ሲታሰር ሄጌሞኒ፣ ታንክ ሲወጣ ሄጌሞኒ። በቀደም ደግሞ አንዱ አስተያየት ሰጪ «ሄጌሞኒውን በጠመንጃ ጫነብን» ብሎ ጻፈ፣ ስንቱ ደግሞ ትክክል ብሎ አለፈው። ትክክል አይደለም፣ እንዲያውም ነገሩን ገልብጦታል። ሄጌሞኒ ማለት ተገዢው ሳይገደድ የገዢውን አስተሳሰብ ልክ ነው ብሎ ሲቀበል ነው፣ በየቀኑ ጠመንጃ ማውጣት ያስፈለገው ገዢ ሄጌሞኒ ያጣ ገዢ ነው።

ሀሳቡን የምንወስደው ከግራምሺ ነው፣ ከጣሊያኑ ኮሚኒስት አሳቢና ፖለቲከኛ። የህይወት ታሪኩን ልለፈው፣ ግን ያስጨነቀውን ጥያቄ ካላወቅን ሀሳቡ አይገባንም። በፈረንጆቹ 1920 የጣሊያኗ ቱሪን ከተማ ሰራተኞች ፋብሪካዎቹን ተቆጣጥረው ነበር፣ በ1922 ግን ስልጣን ላይ የወጣው ሙሶሊኒ ነው። ግራምሺ ራሱ በ1926 ታሰረ፣ ከ1929 ጀምሮ እስር ቤት ሆኖ ደብተር ላይ ሲጽፍ ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር በ1917 ሩሲያ ላይ የሆነው አብዮት ጣሊያን ውስጥ ለምን አልሆነም የሚል ነው። ፖሊስና ጦር ብቻ ብሎ አልመለሰም። ከመንግስት ጀርባ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተክርስቲያኑ፣ ጋዜጣው፣ ማህበሩ አለ፣ ሰው ልክ የሚለውንም ነውር የሚለውንም የሚማረው እዛ ነው።

እስቲ አንድ ሰው አስቡ፣ ስንት አመት ከሰራበት ድርጅት ተቀነሰ። ጠረጴዛውን አጸዳ፣ አለቃውን ጨብጦ «ስለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ፣ ቤት ገብቶ ደግሞ ለሚስቱ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ራሴን አላሻሻልኩም» ይላታል። ማንም አላስፈራራውም። ሄጌሞኒ የሚባለው ይሄ ነው።

በእግር ኳስ እንየው። ዋንጫ ደጋግሞ የሚወስድ ቡድን የበላይ ነው፣ በቃ። ሄጌሞኒ የሚሆነው የተሸናፊው ደጋፊ ሳይቀር ቆንጆ ኳስ ማለት የነሱ አጨዋወት ነው ሲል፣ የተሸነፈው አሰልጣኝ የውድድሩን ደንብ ትቶ ተጫዋቾቹ ላይ ሲጮህ ነው። ዳኛው ቀይ ካርድ የለውም አላልኩም፣ ኪሱ ውስጥ አለ፣ ግን ጨዋታው የሚሄደው ሁሉም ደንቡን ልክ ነው ብሎ ስለተቀበለ ነው እንጂ ካርድ በየደቂቃው ከተመዘዘማ ጨዋታው ፈርሷል። ደግሞ ትልልቆቹ ቡድኖች አንዳንዴ ለትንንሾቹ ይለቃሉ፣ የጨዋታ ቀን ይቀይሩላቸዋል፣ አንድ ሁለት ደንብ ያሻሽሉላቸዋል፣ የገቢ ክፍፍሉን ግን ንክች አያደርጉትም። ሰዎች የሚረሱት ይሄንን ነው። ግራምሺ ጋ ሄጌሞኒ ሳይሰጡ አይገኝም፣ ገዢው የሌላውን ጥቅም በተወሰነ ደረጃ ማስተናገድ አለበት፣ ብቻ የኢኮኖሚው እምብርት ላይ ሲደርስ መስጠቱ ይቆማል።

ሌላው የሚያናድደኝ «ህዝቡን አደንዝዘውት ነው» የሚለው ነው። ግራምሺ ሰውን እንደዛ አይንቅም። ያ ከስራ የተቀነሰው ሰውዬ'ኮ ጥፋቱ የኔ ነው ባለ በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ «ሀብታም በላቡ ብቻ አልከበረም» ሊል ይችላል፣ ሁለቱም ከልቡ ነው። ግራምሺ ኮመን ሴንስ የሚለው፣ ማለትም ተራው ሰው ሳይመረምር የያዘው የየዕለት አስተሳሰብ፣ እንዲህ እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ከየዘመኑ የተለቃቀመ ነገር ነው፣ ውስጡ ግን ጤናማ ፍሬ አለበት ይላል፣ የፖለቲካ ስራም የሚጀመረው ከዛ ፍሬ ነው። ሰው ደንዝዟል ካልክ የሚያነጋግርህ ሰው የለም፣ ማንን ልታደራጅ ነው?

ይሄንንም ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ደብተሮቹ ያላለቁ ማስታወሻዎች ናቸው፣ የተጻፉትም በእስር ቤት ሳንሱር ስር ነው፣ ቃሉንም ሁሌ በአንድ መንገድ አይጠቀምበትም፣ አንዳንድ ቦታ ሄጌሞኒን ከጉልበት ለይቶ ያስቀምጠዋል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የፈቃድንና የጉልበትን ቅንብር ሄጌሞኒ ይለዋል። ስለዚህ አንዲት አረፍተ ነገር መዞ ግራምሺ እንዲህ ብሏል ማለት አደጋ አለው። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ሰዎች ደግሞ አንድ ኃያል አገር ሌሎቹን ሲመራ ሄጌሞን ይሉታል፣ የነሱ መስክ የራሱ አጠቃቀም አለው፣ በዛ አልጣላም። በዛኛው ትርጉም እያወሩ ግራምሺን መጥቀስ ግን አይሆንም።