ከካኪ ወረቀት የሚሠራ ቆዳ መሰል የፎቶ ፍሬም

ዲኩፓዥ ወረቀት ቆርጦ ወይም ቀዶ ዕቃ ላይ መለጠፍና በላዩ ደጋግሞ ቫርኒሽ መቀባት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከምሥራቅ እስያ የሚመጣው የላከር (ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ አብረቅራቂ ቅብ) ዕቃ እጅግ ውድ ስለነበር፣ የቬኒስ ባለሙያዎች የታተሙ ሥዕሎችን እየቆረጡ በመለጠፍና በቫርኒሽ በመሸፈን ያንኑ መልክ ያወጡ ነበር። ወረቀትን ቆዳ የማስመሰሉን ሥራ ግን ጃፓኖች አራቀቁት። ከአውሮፓ ይገባላቸው የነበረውን ባለወርቅ ቆዳ አስመስለው የሠሩት «ኪንካራካዋካሚ» የተባለ ወረቀት እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየናው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታይቷል፤ በአውሮፓ ቤቶችም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ለፎቶ ፍሬም ከዚያ በጣም የቀለለ ዘዴ ይበቃል። ጠፍጣፋ የእንጨት ወይም የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ፍሬም፣ ካኪ ወረቀት፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ ብሩሽና የጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋሉ። ለ13 በ18 ሴ.ሜ. ፎቶ የፍሬሙ ፊት ከ4 እስከ 6 ሴ.ሜ. ቢሰፋ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ከጠበበ የቆዳው መስመር ጎልቶ አይታይም። ቅርጽ የበዛበት ፍሬም አይመረጥም፤ ወረቀቱ ጎድጓዳው ላይ ተወጥሮ ከሥሩ አየር ይቀራል። ፍሬሙ አስቀድሞ ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ኮላው እንዲይዝ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ብናኙም በደንብ ይጠረጋል።

ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ወረቀቱ ሲዘጋጅ ነው። ወረቀቱ በእጅ ጭብጥ ተደርጎ ይጨመደዳል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ይጨመደዳል፤ እንደ ጨርቅ እስኪለሰልስ አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል። በታጠፈበት ሁሉ ቃጫው ስለሚሰበር ቀለም ሲቀባ እዚያው ይሰበስባል፤ ያረጀ ቆዳ የሚመስለውም በዚህ ጥቁር መስመር ነው። አንዴ ብቻ የተጨመደደ ወረቀት ረጃጅምና የተራራቁ መስመሮች ስለሚያወጣ ወረቀትነቱ ያስታውቃል። ከዚያ ከ4 እስከ 7 ሴ.ሜ. እየተደረገ በእጅ ይቀደዳል። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ የተቀደደው ግን ስለሚሳሳ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል። በዚህ ምክንያት የፋብሪካው ቀጥ ያለ ጠርዝም ተቀዶ ይጣላል።

ኮላው በሦስት እጅ ኮላ አንድ እጅ ውሃ ይቀጥናል። በእንጨቱ ላይም በወረቀቱ ጀርባም ይቀባል፤ ቁራጮቹ ከግማሽ እስከ አንድ ሴ.ሜ. እየተደራረቡ ከመሐል ወደ ዳር በጣት ይጫናሉ። ጥቃቅኑ ጭምድድ እንዳለ ይተዋል፤ ጠፍጣፋ እስኪሆን ከተገፋ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ቆሞ የቀረ እጥፋት ግን መጫን አለበት፤ ኋላ በጨርቅ ሲሻሽ ይላጣል። የፍሬሙ ሁለት ጎኖች የሚጋጠሙበት መስመር ላይ አንድ ቁራጭ ተሻግሮ ይለጠፋል፤ አለዚያ እንጨት ሲደርቅ መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ ይወጣል። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ወረቀት መስተዋቱ የሚቀመጥበት እርከን ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ እርከኑ ላይ ከተደራረበ መስተዋቱ አይገባም።

ስስ ኤምዲኤፍ በፊቱ ብቻ ወረቀት ከለበሰ ሲደርቅ ይጎብጣል፤ ወረቀቱ እየጠበበ ወደ ራሱ ይስበዋልና። መፍትሔው ጀርባውንም አንድ ዙር ማልበስ ነው። አየር የቋጠረ ቦታ ካለ በመርፌ ተወግቶ ትንሽ ኮላ ይገባበትና ይጫናል። በመጨረሻ ሁሉም ላይ አንድ ስስ የኮላ ሽፋን ይቀባል። ይህ መዘለል የለበትም፤ ኮላ ያልነካው ወረቀት ቀለሙን ስለሚጠጣው ፊቱ ዝንጉርጉር ይሆናል። ፍሬሙ በሁለት እንጨቶች ላይ ተጋድሞ 24 ሰዓት ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያዋጣም፤ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ጠርዙ ይነሳል።

አክሪሊኩ በእኩል ውሃ ይቀጥንና በብሩሽ አንድ ጎን ብቻ ይቀባል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ከላዩ ይጠረጋል። ቀለሙ መስመሮቹ ውስጥ ቀርቶ ከፍ ያለው ይገረጣል። አራቱንም ጎን በአንድ ጊዜ መቀባት አይመከርም፤ የመጀመሪያው ሳይጠረግ ይደርቃል። የሚነካካው ጠርዝ ገርጣ፣ ማዕዘኑ ጠቆር ቢል የበለጠ ቆዳ ይመስላል።

ማጠናቀቂያው ከሁለት አንዱ ነው፦ ሁለት ስስ ዙር የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ ወይም በጨርቅ የሚታሽ ቡናማ የጫማ ቀለም። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። በጫማ ቀለሙ ሰም ላይ የውሃ ቫርኒሽ ስለማይይዝ ሁለቱን የፈለገ ቫርኒሹን ያስቀድማል። የጫማ ቀለሙ ሽታ እስኪጠፋ ፎቶው አይገባም። ካኪ ወረቀት አሲድ ስላለውና ፎቶን በጊዜ ብዛት ስለሚያወይብ፣ በፎቶውና በፍሬሙ መካከል አሲድ የሌለው ነጭ ካርቶን ይገባል።