ስክሮል ሶው ምንድን ነው?

ስክሮል ሶው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። ምላጩ በጣም ቀጭን ነው። ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ክንዶች መካከል ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሞተሩ ሲነሣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። የተሠራው ለጌጥ ሥራ ነው። የተጠማዘዘ መስመር፣ ፍልፍል መስቀል፣ ፊደል፣ የልጆች መጫወቻ ይወጣበታል። በርና መስኮት አይሠራበትም፤ ግንድም አይሰነጠቅበትም። ብዙ ሰው የያዘው ከመደበኛ ሥራው ውጪ፣ ማታና ቅዳሜ ለመዝናናት ነው።

አሠራሩን ለማያውቀው ሰው የማስረዳው በልብስ ስፌት መኪና ነው። መርፌው ባለበት ቦታ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጨርቁን እያዞረ መስመሩን የሚያስይዘው የሰፊው እጅ ነው። እዚህም ምላጩ ቦታውን አይለቅም፤ እንጨቱን በሁለት እጅ ይዞ የሚያዞረው ሠሪው ነው። መጋዝ እየገፋ የኖረ አናጢ መጀመሪያ ላይ ግራ የሚጋባው በዚህ ነው። እጁ የለመደው እንጨቱን አስሮ መጋዙን መንዳት ነው።

መጠኑን ለማወቅ ያህል፣ የተለመደው ምላጭ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ምላጮች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ምላጩ ይቀጥናል። መሃል ላይ ያለው ቁጥር 5 ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ምልልስ የሚሄደው 2 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ፍጥነቱ የሚስተካከል ከሆነ በደቂቃ ከ400 እስከ 1600 ምልልስ ድረስ ይሄዳል። የሚቆርጠው እንጨት ውፍረት ቢበዛ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ፈረንጆቹ "16 ኢንች" የሚሉት ማሽን ከምላጩ እስከ ኋላው ድረስ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ሥራ ሲዞር ከኋላው ጋር ይጋጫል።

ለእኔ ግን የዚህ መሣሪያ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ምላጩ በአንድ ጫፉ ይፈታል። እንጨቱ መሃል ላይ በትራፓን ትንሽ ቀዳዳ ትበሳላችሁ። የምላጩን ጫፍ ፈትታችሁ በቀዳዳው ታሳልፋላችሁ። መልሳችሁ ታስሩትና ትወጥሩታላችሁ። ከዚያ መሃሉን ብቻ ቆርጣችሁ ታወጣላችሁ፤ ዳሩ ሳይነካ ይቀራል። ተራ የእጅ መጋዝ ከዳር ካልተነሣ አይሠራም። እንጨት ቤት ያለው፣ እንደ ቀበቶ የሚዞረው ትልቁ መጋዝ ምላጩ ዙሪያውን የተበየደ ስለሆነ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ጂግሶው የሚባለው በእጅ የሚገፋ የኤሌክትሪክ መጋዝ መሃል መግባቱን ይገባል። ነገር ግን ምላጩ ሰፊ ነው፣ ከታችም የሚይዘው የለም። ጠባብ ኩርባ ላይ ይጣመማል፤ የእንጨቱን ጠርዝም ይቦጫጭቀዋል።

ይሄ ሙያ ጎጃም ውስጥ ባዕድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ዓይናችን በፍልፍል ጌጥ ነው ያደገው። ዘጌ ገዳማት ሄዶ የተቀመጡትን መስቀሎች ያየ ሰው ያውቀዋል። ጌጡን የሚሠራው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ በመሃሉ የተተወው ባዶ ቦታም ነው። ከቄስ እጅ የማይለየው የእንጨት መስቀል፣ መጽሐፍ የሚቀመጥበት አትሮንስ፣ ሁሉም ይሄን ያስተምራሉ። ስክሮል ሶው የሚጨምረው ፍጥነትና ቅጥነት ነው። ንድፉ ከውጭ መምጣት የለበትም። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የጥድ ዛፍና የአጋዘን ሥዕል ሞልቷል፤ እኔ ግን ጎጃሜ ልጅ ከአጥቢያው መስቀል ቢጀምር ደስ ይለኛል።

መስቀል ላይ ግን አንድ ከባድ ችግር አለ፤ ሰፋ አድርጌ ልናገረው። የእንጨት ቃጫ የሚሄደው በግንዱ ቁመት ነው። ቃጫውን ተከትሎ የተተወ ቀጭን ዘንግ ጠንካራ ይሆናል። ቃጫውን አቋርጦ የተተወው ግን በጣት ግፊት ይሰበራል። መስቀል ደግሞ ሁለቱም አለው። ቁመቱን በቃጫው ካስኬዳችሁ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ክንዶች ቃጫውን አቋርጠው ይወጣሉ። በውስጣቸው ያለው ቀጫጭን ሐረግ ምላጩ ገና ሳይጨርስ ይረግፋል። ብዙ ጀማሪ ጥፋቱን በእጁ ያሳብባል፤ ጥፋቱ ግን የእንጨቱ አቀማመጥ ነው።

መላ አለው። አንደኛው ኮምፔርሳቶ መጠቀም ነው። ኮምፔርሳቶ ቀጫጭን ንጣፎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግረው የተጣበቁ ስለሆነ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይችላል ማለት ይቻላል። ባለ 3 እና ባለ 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሁለተኛው፣ እኔ አብልጬ የምወደው፣ ሁለት ስስ የዋንዛ ሳንቃ አቋርጦ በኮላ ማጣበቅ ነው። አንዱ ቃጫው ቁልቁል፣ ሌላው አግድም። በሞርሳ ጠብቆ ሲያድር አንድ ይሆናል። ከፊትም ከኋላም ንጹሕ ዋንዛ ይታያል፣ ክንዱም አይሰበርም። ሦስተኛው ንድፉን መቀየር ነው፤ አግድም የሚሄደውን ሐረግ ማወፈር።

እንጨቱን ካነሣን፣ ለመጀመሪያ ከዋንዛ የሚሻል አለ ብዬ አላምንም። ከበሮ የሚፈለፈለው፣ ጥሩ ቁም ሣጥን የሚሠራው ከእሱ ነው። ለምላጭ አይከብድም፣ ቡናማ ቀለሙም ያምራል። ግን ለዚህ ሥራ ብላችሁ ዛፍ አታስቆርጡ። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር አንድ እንጨት ቤት ጎራ ብትሉ፣ ወደ ምድጃ የሚሄድ ቁርጥራጭ ጥግ ላይ ተከምሮ ታገኛላችሁ። ስክሮል ሶው የሚፈልገው የመዳፍ ያህል እንጨት ነው። ወይራ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ያምራል፤ ግን ቀስ ካላላችሁ ምላጩ ይግላል፣ እንጨቱም ዳር ዳሩ ጠቁሮ ይቃጠላል። ጽድ ይሸታል፣ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ግራቪሊያ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ስላለው ለሣጥን ክዳን ደስ ይላል። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ከተቆረጠ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ለቀጭን ጌጥ አልመክረውም።

አቆራረጡ ራሱ እንዲህ ነው። ንድፉን ወረቀት ላይ አትማችሁ ወይም ሥላችሁ እንጨቱ ላይ ትለጥፋላችሁ። ላዩን በሰፊ ግልጽ ፕላስተር መሸፈን የብዙ ባለሙያ ልማድ ነው፤ ምላጩ ሲያልፍበት ስለሚያለሰልሰው እንጨቱ አይቃጠልም። ቀዳዳዎቹን ሁሉ አስቀድማችሁ ትበሳላችሁ። ከዚያ ከውስጥ ትንንሾቹን ትጀምራላችሁ፤ የውጪው ዙሪያ መጨረሻ ነው። ዳሩ ቀድሞ ከወጣ የሚያዝ ነገር አይኖርም፣ እንጨቱም ይዳከማል። ማዕዘን ላይ ስትደርሱ ወደ ፊት መግፋቱን አቁሙና እንጨቱን እዚያው ባለበት አዙሩ። በጎን በኩል አትጫኑት። ምላጭ ይበጠሳል፤ እሱ ወጪ ነው እንጂ ጥፋት አይደለም።

ውጥረቱ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ምላጩን በጣት ስትመቱት እንደ ክራር ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ላልቷል። የላላ ምላጭ መስመር አይጠብቅም። ሌላም አለ፦ አብዛኛው ምላጭ ከአሠራሩ የተነሣ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ይስባል። እንጨቱን ዘወር አድርጎ ማስገባት እጃችሁ በራሱ ይለምደዋል።

ፊደል ለመቁረጥ የሚያስብ ሰው የላቲን ፊደል ለሚቆርጡ የተጻፈ ምክር ሁሉ እንደማይበቃው ይወቅ። የእኛ ፊደል ተነጣጥሎ ነው የሚቆመው። የልጅ ስም ቆርጣችሁ መደርደሪያ ላይ ልታቆሙ ከፈለጋችሁ፣ ፊደላቱ ከታች በአንድ ወፍራም መስመር ካልተያያዙ አንድ ሥራ አይሆኑም። ደግሞ መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ የታጠረ ቀለበት አላቸው። ፊደሉን ራሱን ስትቆርጡ ለእያንዳንዱ ቀለበት ቀዳዳ ትበሳላችሁ፤ ችግር የለም። ሳንቃ ላይ ፊደሉን ባዶ አድርጋችሁ ስታወጡ ግን የቀለበቱ መሃል አብሮ ይወድቅና "ወ" ዝም ብሎ ክብ ቀዳዳ ይሆናል። መሃሉን ከዳሩ ጋር የምታገናኝ ትንሽ ድልድይ መተው አለባችሁ። ድልድዩን የፊደሉ መልክ በማይጠፋበት ቦታ መምረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ማሽን መግዛት ካሰባችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠንቅቃችሁ እዩ። አንደኛ፣ ምላጩ እንዴት ነው የሚታሰረው? አንዳንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ችንካር ያለው ምላጭ ብቻ ነው የሚቀበለው። ያ ችንካር እንዲያልፍ ሰፊ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ለቀጭን ፍልፍል አይሆንም። ችንካር የሌለውን የሚቀበለው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቀዳዳ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ነገር። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ማሽን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። ትራንስፎርመሩ ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይቀይርም፤ ማሽኑ የተሠራው ለ60 ነው፣ የእኛ ግን 50 ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሞተር ከተጻፈበት ፍጥነት ዘገም ይላል። በተረፈ ከባድ የሆነው ከቀላሉ ይሻላል፤ አይንቀጠቀጥም።

ማሽን እስኪገኝ ደግሞ መቀመጥ አያስፈልግም። ይሄ ሥራ ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በእግር እየረገጡ የሚያሠሩት ስክሮል ሶው በየቤቱ የታወቀ መዝናኛ ነበር። ከዚያም የሚቀለው የእጅ ቀስት መጋዝ ነው፦ የታጠፈ የብረት ቀስት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ያው 13 ሳንቲ ሜትር ምላጭ የተወጠረበት። ወርቅና ብር ሠሪዎች መስቀል የሚፈለፍሉበት መጋዝ የዚሁ ዘመድ ነው። የእነሱ ምላጭ ለብረት ስለሆነ ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ ስስ እንጨት ግን ቀስ ብሎ ይቆርጣል። ጫፉ ላይ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተጎረደ ሳንቃ ጠረጴዛ ዳር በሞርሳ እሰሩ። እንጨቱን እላዩ ላይ አስተኙ። የምላጩ ጥርስ ወደ ታች ይሁን፤ የሚቆርጠው ወደ ታች ሲሳብ ነው። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም። እንዲያውም በእጅ የጀመረ ሰው ማሽን ላይ ሲቀመጥ አይቸኩልም።

አቧራውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የእንጨት ብናኝ ካንሰር አምጪ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም መድቦታል። ይሄ መጋዝ የሚያወጣው ሰጋቱራ ደግሞ እጅግ የደቀቀ ነው፤ ፊት ላይ ነው የሚነሣው። ጭንብል፣ መነጽር፣ የተከፈተ መስኮት። ሕፃን ባለበት ክፍል አትሥሩ። ማስዋቢያው ቀላል ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ የተልባ ዘይት ቅቡት፣ ሲደርቅ በማር ሰም ወልውሉት። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

ለጀማሪ ምን ልሥራ ብትሉኝ፣ የጎጃምን ካርታ ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የካርታ ባለሙያ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በድንበሮቹ እየቆራረጠ ለልጆች ማስተማሪያ ሸጦ ነበር። ተገጣጣሚ ሥዕል የምንለው ጨዋታ ከዚያ ነው የመጣው። ለጎጃም ደግሞ ዙሪያውን ዓባይ ሠርቶታል። ከጣና ባሕር ዳር ላይ ይወጣል፣ በምሥራቅ ወርዶ፣ በደቡብ ታጥፎ፣ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ለምላጭ እንደዚህ የሚመች መስመር የለም። ውስጡን በወረዳ ሳይሆን በወንዝ ብትከፍሉት ይሻላል፤ ሙጋና ጨሞጋ ከጮቄ ተራራ ወርደው ዓባይ ይገባሉ፣ ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ጣና ይሄዳል። ልጁ ሲገጣጥም የትኛው ውኃ ወዴት እንደሚፈስ በጣቱ ይማረዋል።

ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል። ምላጩ ከቁጥር 2 በታች ይሁን፤ ወፈር ካለ በቁርጥራጮቹ መካከል ክፍተት ይበዛል። ከመጀመራችሁ በፊት የማሽኑ ጠረጴዛ ለምላጩ ቀጥ ያለ መሆኑን ፈትኑ። ከትርፍ እንጨት አንድ ክብ ቁረጡ። የወጣው ክብ ከላይም ከታችም እኩል ከገባ ጠረጴዛው ትክክል ነው። በአንድ በኩል ብቻ ከገባ ያዘነበለ ነውና አስተካክሉት፤ አለበለዚያ የካርታው ቁርጥራጮች ከአንድ ወገን በቀር አይገቡም።